የላክሁት እኔ አይደለሁም

ሰሃር ወደ ሱቃችን ስትገባ ቀና ብዬ አላየኋትም። ጫማዋን ነው ያየሁት። ዐደን፣ መዓላ ሰፈር ውስጥ ሴቱ ሁሉ ጥቁር ዐባያ ለብሶ፣ ዓይኑን ብቻ አስቀርቶ ነው የሚሄደው፤ ሰው የገዛ እናቱን ከጎረቤት መለየት ይቸግረዋል። እኔ ግን ሰሃርን ከመቶ ሴት መሀል በአረማመዷ እለያታለሁ። ቀኝ እግሯን ትንሽ ታዘገያለች፤ ቤት ረስታ የወጣችው ነገር ያለ ይመስላል። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ያንን እግር ስጠብቅ ከርሜ፣ ሲመጣ ደግሞ የምገባበት ጠፋኝ።

ብቻዋን አልነበረችም። እናቷ እትዬ ፋጡ ከጎኗ አሉ። ወንድሟ ማጂድ መኪናውን ከዋናው መንገድ ዳር አቁሞ መጣና፣ በሩ ላይ ቆሞ ለአሠሪዬ ለዓሚ ሰላህ በዐረብኛ እንዲህ አለው።

«ዓሚ ሰላህ፣ አላህን የምትፈራ ሰው ነህ ብለን ነው የመጣነው። ስልኳን መርምርልኝ። ራሷ ልካው ከሆነ ንገረኝ፤ ሌላ ነገር ልኮት ከሆነም ንገረኝ። የዐስር ሰላት ሰግጄ እመለሳለሁ። የምትመሰክረውን አምኜ እሄዳለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ዓሚ ሰላህ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እሺ አለ። ማጂድ እኔን አላየኝም። ማጂድ እንደኔ ያለውን ሰው የሚያየው መንገድ ሲዘጋበት ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ከሃያ ሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ከሰሃር ቁጥር አንድ መልእክት ለሚያውቋት ሁሉ ወጣ። «ፎቶዎቼን እዚህ ተመልከቱ» ይላል፤ ከሥሩ የሚነካ ሰማያዊ መስመር አለው። ለአጎቶቿ ደረሰ። ለምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ ደረሰ። ለምታስተምራቸው ልጆች አባቶች ሳይቀር ደረሰ። ያላገባች ልጅ፣ ዐደን ውስጥ፣ ለወንድ ሁሉ «ፎቶዬን እዩ» ብላ! «የላክሁት እኔ አይደለሁም» ብላ ማለች፤ ማን ይስማት። ኃላፊዋ «ነገሩ እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ» አለቻት። ማጂድ ስልኳን ነጥቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ስሟ ካልጠራ ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ቢር ፈድል እርሻ ላለው፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌ ዘመዱ ሊድራት ቆርጧል፤ «ከዚህ በኋላ ሌላ ማን ይጠይቃታል?» እያለ።

ማጂድ መዳር ይችላል። የአባቷ የመጀመሪያ ሚስት ልጅ ነው። አባትየው ደሴ ሲነግድ እትዬ ፋጡን አግብቶ ሰሃርን ወለደ፤ ዐሥር ዓመት ሲሞላት ሁለቱንም ይዞ ዐደን ገባና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሰሃር ወሊይ ማጂድ ነው፤ በትዳሯ ላይ ቃል ያለው እሱ ነው። አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቅም። እትዬ ፋጡም በዚያ ቤት የእንጀራ እናት ናቸው፤ ድምፃቸው ከጓዳ አያልፍም።

እኔ ኸይሩ እባላለሁ፤ የወሎ፣ የቢስቲማ ልጅ። እንደ አገሬ ልጆች ሳዑዲ እገባለሁ ብዬ ባሕር ተሻግሬ ዐደን ላይ ቀረሁ። ኢቃማ የለኝም፤ የመኖሪያ ወረቀት ማለት ነው። ዓሚ ሰላህን ያገኘሁት ከአራት ዓመት በፊት፣ የዓይን ሞራ መሥሪያውን ሊያስጥለው ሲል ነው። አጠገቡ አስቀምጦ ስልክ መጠገን አስተማረኝ። እሱ ስም አለው፣ እኔ ዓይን አለኝ፤ ሱቁ የሚሠራው በዚህ ነው። ስለዚህ ማጂድ የጠየቀው የዓሚ ሰላህ ምስክርነት የሚወጣው ከእኔ ዓይን ነበር። ማጂድ ይህን አያውቅም። ሰሃር ታውቃለች።

ሰሃርን የማውቃት ዐሥራ አራት ወር ነው። የምንተዋወቀውም በዚያው ጠረጴዛ ነው። ሱቃችን አንድ የማይፈርስ ሕግ አለው፤ የሴት ስልክ ከሴቷ እጅ አይወጣም። ጠጋኝ ፎቶ ይሰርቃል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ስልኩ ከመስተዋት በተሠራው ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደሷ አድርጎ ይቀመጣል፤ እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትነካለች። በዚህ የተነሳ ዐረብኛን ማንበብ የተማርኩት ዘቅዝቄ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰሃር ይህን አይታ ሳቋን መያዝ አቃታትና «ሙሀንዲስ፣ ቁርኣንም ዘቅዝቀህ ነው የምትቀራው?» አለችኝ፤ በአማርኛ። ስልክ ጠጋኝን እዚህ ሙሀንዲስ ነው የሚሉት። አማርኛዋ የደሴ አማርኛ ነበር። ያን ቀን የሠራሁት ስልክ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ነው። በመልእክት ነው የምንልከው፤ ግን ደብዳቤ ነው፤ ረጅም፣ ሰላምታ ያለው፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ። አንዱን በቃሌ እይዘዋለሁ። «ኸይሩዬ፣ ዛሬ ከሙቀቱ የተነሳ ልጆቹ ሁሉ ክፍል ውስጥ ተኙ። እኔም አብሬ ተኛሁ። ኃላፊዋ ስትቀሰቅሰኝ ያንተን ስም እንዳልጠራሁ አላህን ለመንኩት» ይላል። ይህን አንብቤ አንድ ቀን ሙሉ ሥራ አልያዘልኝም።

እንግዲህ ያቺ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ መልእክቱ ለእኔም ደረሰኝ። «ፎቶዎቼን እዚህ ተመልከቱ።» የማላውቀው ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለውን ስልክ ሳላክም ያለፈ ሳምንት የለም፤ እያለቀሱ ለሚመጡ ሴቶች «አይዞሽ፣ ቫይረስ ነው» የምለው እኔ ነኝ። ሆኖም ቀናሁ። አንዱ ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ «ይቺን አስተማሪ ታውቃታለህ?» ብሎ ሲስቅ ደሜ ፈላና አንዲት መስመር ጻፍኩላት።

«ለስንት ሰው ነው የምትልኪው?»

መልሷ አንድ ቃል ነበር። «አንተም?»

ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ዘጋችኝ ብዬ ነበር፤ ማጂድ እንደ ነጠቃት የሰማሁት ቆይቶ ነው። ያቺን አንድ ቃል ይዤ ሃያ ሁለት ቀን ኖርኩ። ሰው በአንድ ቃል እንዲህ ይደክማል ብዬ አስቤም አላውቅ።

አሁን ያው ሰሃር ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስልኩን መስተዋቱ ላይ አደረገችው። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። የተኛች አትመስልም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የሚሠራው በፀሐይ ባትሪ የተያያዘችው ትንሿ ባንካ፣ ማራገቢያዋ፣ ብቻ ናት፤ አየሩን ወዲያ ወዲህ ታመላልሳለች እንጂ አታቀዘቅዝም።

«ከምን ልጀምር፣ ሙሀንዲስ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት እንኳ አልነበረም።

«መጀመሪያ ከአውታር እንለየው። የአውሮፕላኗን ምልክት ይጫኑ።»

ተጫነች። «ይጫኑ» ያልኩት እትዬ ፋጡ ስላሉ ነው፤ አንቱ ስላት ግን ራሴን አመመኝ።

«አሁን ቅንብር ውስጥ ይግቡ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የበላውን ኢንተርኔት ያሳየናል።»

እትዬ ፋጡ በወንበራቸው ጫፍ ላይ ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ። «ቫይረስ የሚሉት ነገር በዓይን ይታያል እንዴ?»

«እሱ አይታይም፣ እትዬ። የሚታየው የበላው ነው። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ የበላ ነገር ካለ፣ ሌባው እሱ ነው።»

«የኛንም ቤት እንዲህ የሚያሳይ በኖረ» አሉና ወደ ኋላ ተደገፉ።

ሰሃር ጣቷን ወደ ላይ እየሳበች ዝርዝሩን አሳየችኝ። እኔ ዘቅዝቄ አነባለሁ። ያቺ ማክሰኞ፣ ከፈጅር ሰላት በፊት፣ አንድ ፕሮግራም በአንድ ሰዓት ውስጥ የወር ያህል በልቷል። ስሙ «የሥርዓት አገልግሎት» ይላል። ምስል የለውም። ስልኩ ገጽ ላይም አይታይም። ፈቃዶቹን እንድትከፍት ነገርኳት፤ የስም ዝርዝሯን ማንበብ ተፈቅዶለታል፣ መልእክት መላክ ተፈቅዶለታል። ይኸው ሌባው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ «እርስዎ አይደሉም» ልላት አፌንም ከፍቼ ነበር። መጀመሪያ ግን «መቼ እንደገባ ይዩት» አልኳት።

ነካችው። የገባበት ቀን ከዒድ ሦስተኛው ቀን፣ ከዙህር ሰላት በኋላ ነበር። በዚያው ቀን፣ በዚያችው ደቂቃ፣ ሌላ ፕሮግራም አብሮት ገብቷል። አዝረቅ።

አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አዝረቅ የተነካካ የመልእክት መላላኪያ ነው፤ ማን እንደ ነካካው አይታወቅም። ባለቤቱ ሲገባ ሲወጣ ለሌላ ሰው አይታይም፤ ለዚህ ነው የሚወደደው። እዚህ ኢንተርኔቱ ስለሚጎተት ማንም ፕሮግራም ራሱ አያወርድም፤ ከሱቅ ያስጭናል። ሱቁ ደግሞ ከአንድ አሮጌ ስልክ ለሁሉም ያካፍላል፤ ሴቶች እርሾ እንደሚዋዋሱት ማለት ነው። የኛን ሱቅ አሮጌ ስልክ «ኡም» ነው የምንላት፣ እናት። ከኡም ጡት ያልጠባ ስልክ መዓላ ውስጥ ጥቂት ነው።

ከዒድ በሦስተኛው ቀን ሰሃር ስልኳን እኔ ዘንድ ትታ ሄደች። ሕጉን አፈረስን። የሂናዋ ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር፤ «አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን?» አለችኝ። እኔም ማጂድ ጎህ ሲቀድ ስትጽፍልኝ እንዳያያት ብዬ አዝረቅን ከኡም ወስጄ ጫንኩላት። ስትመለስ እንደ ጀግና ነገርኳት። እሷም ደስ አላት።

መሳቢያውን ከፍቼ ኡምን አወጣሁና ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝርዝሯን ገለጥኩ። «የሥርዓት አገልግሎት»፣ ምስል የሌለው፣ እሷም ውስጥ ተኝቷል። ከአዝረቅ ጋር ተጣብቆ ነው የኖረው። ያላየሁት ስላልፈተሽኩ ነው።

የዐስር አዛን ተሰማ። ዓሚ ሰላህ በትሩን ይዞ ተነሣ። «ሴቶቹን በተከፈተ በር ብቻቸውን አትተዋቸው፤ አንተ ስመለስ ትሰግዳለህ» ብሎኝ ወደ መስጊድ ወጣ። እትዬ ፋጡም ውኃ ጠይቀው ዉዱእ አድርገው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ሰሃር ያን ቀን በሴት ምክንያት ሰላት አልነበረባትም። ስለዚህ አራት ረከዓ የሚያህል ጊዜ ሰጠን፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

«አላሁ አክበር» አሉ እትዬ ፋጡ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ሰሃር» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምን አገኘህ፣ ሙሀንዲስ?»

«ሰሃር፣ ስሜን ጥሪኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፤ በቃኝ።

«ሁሉም አመነ» አለች። «አጎቶቼ አመኑ። ኃላፊዋ አመነች። የማስተምራት ሕፃን እናት መንገድ ላይ ስታየኝ ልጇን ወደ ሌላ ጎን ዞር አደረገቻት። አልገረመኝም፤ እነሱ ምን ያውቃሉ? አንተ ግን እንጀራህ ነው! ለስንቷ ሴት ‹አይዞሽ፣ አንቺ አይደለሽም› ስትል እዚሁ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የኔ ተራ ሲደርስ ‹ለስንት ሰው ነው የምትልኪው› አልከኝ። ማጂድ ሲሰድበኝ አላለቀስኩም፣ ኸይሩ። አንተ ስትጠይቀኝ ነው ያለቀስኩት።»

«ቀናሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቅናት አሳወረኝ።»

«ስልኬን ባንተ እጅ ስተው አልጠየቅሁህም። ምን አየህ፣ ምን ነካህ አላልኩህም።»

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። «ብትጠይቂኝ ይሻል ነበር» አልኳት። «ቀኑን ተመልከቺው። ከዒድ ሦስተኛው ቀን። ከአዝረቅ ጋር ነው የገባው። ኡምም ውስጥ አለ። ያስገባሁብሽ እኔ ነኝ። አስገብቼብሽ፣ አሰድቤሽ፣ መልሼ ደግሞ ‹ለስንት ሰው› ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ስልኩን አየች። ብዙ አየችው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። እትዬ ፋጡ ግንባራቸውን ደፍተው ሱጁድ ላይ ናቸው መሰለኝ፣ ድምፅ የለም።

«ለማጂድ እንዳትነግረው» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«እንዳትነግረው አልኩህ። ኢቃማ የለህም። ዛሬውኑ ነው የሚያስይዝህ። ይዘው የት እንደሚጥሉህ ታውቃለህ፤ ስንቱን የአገርህን ልጅ ጥለዋል። ‹ቫይረስ ነው፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም› በለው።»

«‹ራሷ ካልሆነ ቦታ ገብታ አመጣችው› ይላል። ቢር ፈድል ይልክሻል።»

«ይላከኝ።»

«ሰሃር!»

«ደክሞኛል፣ ኸይሩ። ስምህን ልጥራ አይደል ያልከው? ይኸው ጠራሁህ። ደክሞኛል። የማይገባኝን ተሸክሜ ሃያ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ትንሽ ብጨምርበት ልዩነት የለውም። ያንተ መያዝ ግን ይጨምራል። እሱን አልችልም።»

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። እየተቆጣችኝ፣ እየናቀችኝ፣ ገና ከኔ ጋር ነበረች። ደስታ አይደለም የተሰማኝ፤ እፍረት ነው። እንዲህ የምትወድ ሴት ላይ ነው ያን ጥያቄ የጻፍኩት።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ» አሉ እትዬ ፋጡ ሰላታቸውን ሲጨርሱ፣ ወደ ቀኝ። ከዚያ ብዙ ቆይተው ወደ ግራ።

ማጂድና ዓሚ ሰላህ አብረው ተመለሱ። ማጂድ ቆሞ ቀረ፤ ዓሚ ሰላህ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «ዓይንህ ምን አየ፣ ያ ወለዲ?» አለኝ፤ «ልጄ» ማለቱ ነው።

በዐረብኛ ነገርኩት። የተደበቀ ፕሮግራም እንዳለ፣ መልእክቱን የላከው እሱ እንደሆነ፣ ሁሉም ሰው ተኝቶ ሳለ እንደላከው። ማጂድ ስልኩን አንሥቶ አየ። ግንባሩ ትንሽ ፈታ አለ፤ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልዋሽም፣ ስሙን የሚፈራ ሰው ነው። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀ።

«እሺ፣ ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሰሃር።

«ከየት አምጥተሽ?»

«አላስታውስም።»

ማጂድ ስልኩን መስተዋቱ ላይ ጣለው። «ሰማህ፣ ዓሚ ሰላህ? አታስታውስም! ምን ስታይ እንዳመጣችው አላህ ይወቀው። ያው ነው፤ ልካው ብትሆንም ባትሆንም በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ዐርብ ቢር ፈድል ሰው እልካለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ሰሃር እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ ብላለች። አንገቷን እንኳ አላቀናችም። እትዬ ፋጡ የመጋረጃውን ጫፍ ይዘው ቆመዋል። ዓሚ ሰላህ «አስተግፊሩላህ» አለ። እኔ ፈራሁ፤ አልደብቅም፣ ወረቀት የሌለው የሚታሰርበትን ግቢ አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ። ዳግመኛ ከምገባ ብሞት ይሻለኛል ብዬ የማልኩበት ቦታ ነው።

«አይደለችም» አልኩ። ድምፄ ከራሴ የወጣ አልመሰለኝም። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

ሰሃር በአማርኛ «ኸይሩ፣ ተው!» አለች።

አልተውኩም። ኡምን አንሥቼ ከስልኳ ጎን መስተዋቱ ላይ አስቀመጥኳት፤ ፊቷን ወደ ማጂድ አድርጌ። «ይህች የሱቁ ስልክ ናት። ይኸው ስሙ። ይኸው በሷም ስልክ ያው ስም። ከዒድ በሦስተኛው ቀን እህትህ ስልኳን እዚህ ሰጥታኝ ነበር። ፕሮግራም ስጭን ይህን አብሬ ጫንኩባት። ሳልመረምር ሰጠሁ። ጥፋቷ እኛን ማመኗ ብቻ ነው።»

ማጂድ ኡምን አየ፣ የእህቱን ስልክ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፊቱ ቀላ። «ያ ሐበሺ! የቤቴን ስም በአንተ እጅ? ኢቃማ አለው ይሄ? ዓሚ ሰላህ፣ ወረቀት አለው?»

ዓሚ ሰላህ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ዳብሶ አገኘው። አርባ ዓመት የተከበረ ሱቅ ነው። «ሠራተኛው ነው፣ እኔ የለሁበትም» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም።

«የሱ እጅ የእኔ እጅ ነው» አለ። «እኔ ስለማላይ ነው በሱ የማየው። ጥፋቱ የሱቄ ነው፣ ማጂድ። የምትከስ ከሆነ እኔን ክሰስ። ምስክርነት ብለኸኝ ነበር፤ ስጠኝ ጆሮህን። ወላሂል አዚም፣ ልጅቷ ንጹሕ ናት። እሑድ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ በእግሬ ሄጄ ለኃላፊዋ እነግራታለሁ። አጎቶቿም ዘንድ ውሰደኝ። የምታምነኝ ከሆነ ቃልህን ጠብቅ።»

ማጂድ ጥርሱን ነከሰ። ሰው ፊት የሰጠው ቃል ነው፤ መዋጥ አይችልም። «አምኛለሁ» አለ። «ቢር ፈድልም ቀርቷል። ስልኩ ግን አሁኑኑ ይጽዳ። ይህ ሰውዬ ሁለተኛ የቤቴን ዕቃ እንዳይነካ።» ወጥቶ መኪናውን አስነሣ።

የሚያስተማምነው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉንም አጥፍቶ ከባዶ መጀመር። ይህን ለሰሃር ስነግራት አፌ ደረቀ።

«ሁሉም ሲባል?» አለች።

«ሁሉም።»

«ደብዳቤዎቹስ?» ይህን በሹክሹክታ ነው ያለችው።

«ሌላ ቦታ አልተቀመጡም። የኔም ስልክ አዝረቅ አለበት፤ እሱንም አሁኑኑ አብሬሽ አጠፋለሁ።»

ዐሥራ አራት ወር ነው። የተኛችበት የክፍል ቀን፣ የሂናዋ ቀን፣ ስለ አባቷ የጻፈችልኝ፣ ስለ እናቴ የጻፍኩላት። ስልኩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። ጣቷ አየር ላይ ቆመ። ሁለታችንም ያንን ጣት እናየው ነበር። ከዚያ ተጫነችው። ገጹ ጠቆረ፤ እኔም በራሴ ስልክ ላይ ያንኑ ተጫንኩ።

እትዬ ፋጡ ነጠላቸውን ከዐባያቸው ላይ አስተካክለው መጡና ፊቴ ቆሙ። «ሰላቴን አበላሻችሁብኝ» አሉ በአማርኛ። «ጆሮዬን እናንተ ዘንድ ጥዬ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ እንኳ አላውቅ። ቤት ገብቼ መድገሜ ነው።»

መሬት አየሁ። ሰሃርም መሬት አየች።

«አንተ ነህ ለካ» አሉኝ። «ልጄ ጎህ ሲቀድ የምትስቀው ባንተ ነው ለካ። በዚህ አገር ሐበሻ ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ለልጄ ሐበሻ አልፈለግሁላትም ነበር፤ አልዋሽህም።» የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ። «አባቷ፣ አላህ ይማረው፣ ደህና ሰው ነበር። ግን አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› ሲል የሰማሁበት ቀን የለም።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔ እየሄድኩ ነው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ መኪናው ጋ እስክደርስ ቀስ ነው የምለው። አንቺ ስልክሽ ሲነሣልሽ ነይ።»

ወጡ። ዓሚ ሰላህ ሻይ ማፍያውን ፍለጋ ጀርባውን ሰጠን፤ ሁልጊዜ ያለበትን ቦታ የሚያውቀውን ሻይ ማፍያ ያን ቀን ብዙ ፈለገው።

«ይቅር አላልኩህም» አለች ሰሃር።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ አልልህም። ነገም አልልህም ይሆናል።»

«አውቃለሁ፣ ሰሃር።»

«ግን ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ዓይኔን አልከደንኩም። ዛሬ እተኛለሁ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። «ሰው ፊት ‹እሷ አይደለችም› አልክ። እኔ ስንት ጊዜ ብዬው ማንም አልሰማኝም። ካንተ አፍ ሲወጣ ግን እኔም ራሴን አመንኩት፣ ኸይሩ። ራሴን እየተጠራጠርኩ ነበር እኮ።»

ስልኳ በርቶ ነበር፤ አዲስ ሆኖ፣ ምንም የማያውቅ ሆኖ። አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ደብዳቤዎቹን» አለች፣ በሩ ጋ ደርሳ። «እኔ እንደገና የምጽፋቸው እንዳይመስልህ።»

«አይመስለኝም።»

«አንተ ነህ የምትጽፋቸው። ከመጀመሪያው ጀምረህ። ያንተንም የኔንም። ‹እንዲህ ብለሽኝ ነበር፣ እንዲህ ብዬሽ ነበር› እያልክ። በወረቀት፣ በእጅህ። ማጂድ ባነበበው ባይገባው ግድ የለኝም፤ ለእናቴ ትሰጣታለህ፤ አሁን አውቃሃለች።»

«የረሳሁት ቢኖርስ?»

ዞረች። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ደክሞም ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ቆንጆ ነበር።

«የረሳኸውን ከራስህ አትፍጠር» አለችኝ። «የማታውቀውንም አትገምት። ጠይቀኝ። ከመፍረድህ በፊት ጠይቀኝ፤ እመልስልሃለሁ።»

ያ ቀኝ እግሯ ደፉ ላይ ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ተከተላት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ነገ ከኡም የወሰዱትን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ ጠርቼ፣ እያንዳንዷን ፊቷን እያየሁ «ያስገባሁብሽ እኔ ነኝ» ማለት አለብኝ፤ ገና ሳስበው ወገቤን አመመኝ። ዓሚ ሰላህ ሻዩን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ ትኩስ ጠብታ ጣቱ ላይ ወደቀበት።

«ሻዩ ፈሰሰ እንዴ፣ ያ ወለዲ?»

«አልፈሰሰም፣ ዓሚ» አልኩት። ጠብታው የሻዩ አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ ብሎኝ የኖረው ዕንባ ነበር፤ እንዲወርድም ተውኩት።